ቆሻሻ ጣይን መቅጣት በአንዱ አገር ሠርቶ በሌላው የማይሠራው ለምንድን ነው?

ከተሞች በቆሻሻ ሲማረሩ መጀመሪያ የሚነኩት የቅጣቱን መጠን ነው። ምክር ቤት ይሰበሰባል፣ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል፣ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ደንብ አስከባሪዎችም ለሁለት ለሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ይታያሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዘመቻው ይቀዘቅዝና የውኃ መውረጃ ቦዩ እንደገና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ውይይት ሁልጊዜ ስሟ የሚነሳው ሲንጋፖር ናት፤ ከእሷ የሚቀዳው ግን ብዙውን ጊዜ የቅጣቱ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ከጠቅላላው አሠራር ትንሹ ክፍል ነው። ጣዩ የመያዝ ዕድሉ ኢምንት ከሆነ፣ የተያዘውም ላይ የሚቀርበው ማስረጃ ፍርድ ቤት ካልጸና፣ ቆሻሻን በደንብ መጣልም መንገድ ላይ ከመጣል የበለጠ የሚያስቸግር ከሆነ፣ የትኛውም ቁጥር አይረዳም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲንጋፖር ከቅጣቱ ጎን የሠራችው

የሲንጋፖር የጽዳት ዘመቻ በጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ የተጀመረው በኦክቶበር 1968 ነው። በእነዚያ ዓመታት መንግሥት ሕዝቡን ከተጨናነቁ ሰፈሮች ወደ ፎቅ መኖሪያዎች እያዛወረ ነበር፤ ሕንፃዎቹም ቆሻሻ ከላይ ወደ ታች የሚለቀቅበት ቱቦ ነበራቸው። መንገድ ዳር ምግብ ሲሸጡ የኖሩትም ውኃና ፍሳሽ መስመር ወደ ገባላቸው የምግብ ማዕከላት እንዲገቡ ተደረገ። ይህ ዝውውር እስኪጠናቀቅ 1986 ደርሷል። ስለዚህ አስከባሪው ሰውን ይዞ ሲያናግር «ታዲያ የት ልጣለው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው። ልምዱን የሚኮርጁ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘሉት ይህንን ሃያ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው።

ዛሬ ያለው ቅጣት ደረጃ በደረጃ ይከብዳል። ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ የሲጋራ ቁራጭ ወይም የከረሜላ ወረቀት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለ ሰው 300 የሲንጋፖር ዶላር ከፍሎ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ጉዳዩን ይጨርሳል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 2,000፣ ለሁለተኛ እስከ 4,000፣ ከሦስተኛው ጀምሮ እስከ 10,000 ዶላር ያስቀጣል። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛው በድምሩ እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ የሕዝብ ቦታ እንዲያጸዳ ማዘዝ ይችላል። ከሩቅ የሚለይ ሰደርያ ለብሶ ሰው ፊት መጥረግ ማለት ነው። ሦስት መቶ ዶላር ለባለ ገንዘብ ከቁጥር ላይገባ ይችላል፤ ሰደርያው ግን ደመወዙን አይቶ አይከብድም። ከሲንጋፖር አሠራር መኮረጅ ካለበት አንዱ ይህ ይመስለናል።

በጣም ያስቸገራቸው ከፎቅ መስኮት የሚወረወረው ነው። ታች ያለው አስከባሪ የሲጋራ ቁራጩን ሲወድቅ ያያል እንጂ ከየትኛው መስኮት እንደመጣ አያውቅም። ስለዚህ ከ2012 ጀምሮ የሕንፃውን ፊት የሚቀርጹ ካሜራዎች መትከል ተጀመረ። በ2015 አንድ ነዋሪ ከቤቱ መስኮት የሲጋራ ቁራጭ ደጋግሞ በመጣሉ 19,800 ዶላር ተቀጣ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ጥፋት 600 ዶላር ሆኖ በ33 ተባዛ። ለአንድ ተጨማሪ ጥፋት ደግሞ የ5 ሰዓት የጽዳት ትዕዛዝ ተሰጠው። ያም ሆኖ ካሜራው እጅን አሳይቶ ፊትን ሳያሳይ ሲቀር መዝገቡ ይዘጋ ነበር። ሕጉ በጁላይ 2023 ሲሻሻል የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራይ ጥፋተኛ እንደሆነ እንዲገመት ተደነገገ፤ በዚያ ሰዓት ቤት እንዳልነበረ የሚያሳይ ማስረጃ በማቅረብ ወይም የጣለውን ሰው በመጠቆም ግምቱን ማፍረስ የእሱ ፈንታ ነው። ከባድ አንቀጽ ነው፤ ማስረዳትን ከከሳሽ ወደ ተከሳሽ ያዞራል። ያን ያህል አቅም ያላት አገር እንኳ እዚህ ድረስ ለመሄድ መገደዷ ማስረጃ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የሲንጋፖርን መንገድ ንጹሕ የሚያደርገው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጽዳት ሠራተኞች በየቀኑ ያጸዱታል።

የቅጣት ወረቀቱ ፍርድ ቤት እንዲጸና

እንግሊዝ ውስጥ ሥራው የአካባቢ ምክር ቤቶች ነው። የ1990ው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 87 ጥፋቱን ሲተረጉም «ጥሎ መሄድ»ን ያካትታል። መጣል ብቻውን አይበቃም፤ ትቶት መሄድም አለበት። ስለዚህ አስከባሪው ሰውየው እንደጣለ ወዲያው ሮጦ ቢይዘው፣ ሰውየውም «ላነሳው ነበር» ቢል፣ መዝገቡ ሊላላ ይችላል። ልምድ ያለው አስከባሪ ጥቂት እርምጃ እስኪርቅ ይጠብቃል። ከዚያ ማንነቱን ያሳውቃል፣ ያየውን ይነግረዋል፣ ስምና አድራሻ ይጠይቃል፣ መልሱን ቃል በቃል ይጽፋል።

ማስታወሻው ላይ መግባት ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ቀንና ሰዓት፣ ቦታው (የመንገዱ ስም ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ሱቅ ወይም ምሰሶ አጠገብ እንደሆነ)፣ የተጣለው ነገር ምን እንደሆነ፣ አስከባሪው በስንት ሜትር ርቀት ላይ እንደነበረ፣ ዕይታውን የከለለ ነገር መኖር አለመኖሩ፣ በአቅራቢያው ቅርጫት ስለመኖሩ። ደረት ላይ የሚታሰር ካሜራ ካለ ክርክሩ ግማሽ ያልቃል። ከኪስ ስልክ ሲወጣ አብሮ የወደቀ ደረሰኝ ወይም ነፋስ የወሰደው ወረቀት አያስቀጣም፤ የመንግሥት መመሪያውም ሳይታወቅ በወደቀ ነገር ቅጣት መጻፍ ተገቢ እንዳልሆነ ይናገራል።

ወረቀቱ ላይ የሚሰፈረውን መጠን የሚወስነው ምክር ቤቱ ሲሆን ጣሪያው እስከ 2023 አጋማሽ 150 ፓውንድ ነበር፤ ከዚያ ወደ 500 ከፍ ብሏል። መክፈያው 14 ቀን ነው፤ ቶሎ ለከፈለ ቅናሽ የሚያደርጉ ምክር ቤቶች አሉ። የከፈለ ሰው አይከሰስም፣ የወንጀል መዝገብም አይኖረውም። ካልከፈለ ክስ ይመሠረታል፣ ፍርድ ቤቱም እስከ 2,500 ፓውንድ መቅጣት ይችላል። ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፦ ምክር ቤቱ ያልከፈሉትን በእርግጥ ካልከሰሰ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ወሬው በአንድ ወር ውስጥ ይዳረሳል። ስም አልሰጥም ማለት ወይም የሐሰት ስም መስጠት ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ እስከ 1,000 ፓውንድ የሚያስቀጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያ አንቀጽ ባይኖር አስከባሪው ዘወር ብሎ የሚሄደውን ሰው ከኋላው ከመመልከት ሌላ የሚያደርገው ነገር አይኖርም።

ከመኪና የሚወረወረውም እንደ ፎቁ መስኮት ነው። ሰሌዳው ይታያል፣ ውስጥ ካሉት አራት ሰዎች ማን እንደጣለ ግን አይታይም። ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ በእንግሊዝ ኃላፊነቱ በመኪናው ባለቤትነት በተመዘገበው ሰው ላይ ሆኗል፤ የወንጀል ሳይሆን የፍትሐ ብሔር ቅጣት ስለሆነ የሚጠበቀው የማስረጃ ደረጃም ዝቅ ይላል።

ሥራውን ለግል ድርጅት የሰጡ ምክር ቤቶች ሌላ ችግር ገጥሟቸዋል። ድርጅቱ የሚከፈለው በጻፈው ወረቀት ብዛት ከሆነ ሠራተኞቹ የሚሄዱት ቆሻሻው ወደሚበዛበት ሳይሆን ሰው በቀላሉ ወደሚያዝበት ነው። ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆመው ሲጋራቸውን አጥፍተው የሚገቡ ሰዎችን መያዝ በግማሽ ሰዓት ኮታ ያስሞላል፤ ምሽት ላይ የምግብ ማሸጊያ የሚከመርበት መናፈሻ ግን ማንም አይደርስበትም። ነዋሪው ይህን ሲያይ ቅጣቱን እንደ ገቢ ማሰባሰቢያ መቁጠር ይጀምራል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ገንዘቡ ለጽዳትና ለዚሁ ቁጥጥር ብቻ እንዲውል መደረጉ ጥሩ ነው፤ ኮንትራቱ በወረቀት ቁጥር እስከታሰረ ድረስ ግን ዋናው በሽታ አልዳነም።

ትንሽ ቅጣት፣ የማይቀር ቅጣት

ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ ወንጀልን የሚያስቀረው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን አይቀሬነቱ እንደሆነ የጻፈው በ1764 ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ የወንጀል ጥናቶች በአብዛኛው ይህንኑ ያጸናሉ። ለቆሻሻ ጉዳይ ስሌቱን እንሥራው፦ ከ10,000 ጣዮች አንዱ ብቻ ቢያዝ 1,000 ብር ቅጣት ለእያንዳንዱ ጣይ በአማካይ 10 ሳንቲም ነው። ቅጣቱ ወደ 5,000 ቢያድግ 50 ሳንቲም ይሆናል። ማንም ለ50 ሳንቲም ብሎ ቅርጫት ፍለጋ 200 ሜትር አይሄድም። በጣም የከበደ ቅጣት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፦ አስከባሪው ራሱ መጻፍ ይከብደዋል፣ ዳኛው ያዝናል፣ በመሀል ለመደራደር በር ይከፈታል።

የቶኪዮዋ ቺዮዳ ወረዳ በ2002 ተቃራኒውን መንገድ መረጠች። መንገድ ላይ ማጨስንና የሲጋራ ቁራጭ መጣልን ከልክላ ያስቀመጠችው ቅጣት 2,000 የን ነው፤ ከአንድ መጠነኛ ምሳ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ተቆጣጣሪዎቹ በየቀኑ ይዞራሉ፣ ክልሉ አስፋልት ላይ በተቀባ ምልክት ይታወቃል፣ ክፍያውም ውጣ ውረድ የለበትም። ደንቡ ጃፓን ውስጥ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ሌሎች ወረዳዎችና ከተሞችም ተከተሉት።

ኬንያ በኦገስት 2017 ፌስታልን ስትከለክል ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ሆነ። ክልከላው ትልልቆቹን ሱፐርማርኬቶች ወዲያው አስተካክሏል፤ በቁጥር ጥቂት ስለሆኑና አድራሻቸው ስለሚታወቅ መቆጣጠር ይቻላል። ከጎረቤት አገሮች በድብቅ የሚገባውንና በየጉልቱ የሚሸጠውን ማቆም ግን ከባድ ሆኖ ቆይቷል። ሕጉ አንድ ነው፤ የመያዝ ዕድሉ ግን ሁለቱ ጋ እኩል አይደለም።

ቅጣት ሰውን ሊያበላሽም ይችላል። በእስራኤሏ ሃይፋ የሕፃናት ማቆያዎች ልጃቸውን ዘግይተው የሚወስዱ ወላጆች ላይ 10 ሸቀል ቅጣት ሲጣል የዘገዩት ወላጆች ቁጥር ወደ እጥፍ ገደማ አደገ፤ ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም አልቀነሰም። በ2000 የታተመው ይህ ጥናት የሚያሳየው ትንሽ ክፍያ የኅሊናን ወቀሳ በዋጋ ሊተካ እንደሚችል ነው። ቺዮዳ ላይ ይህ ያልሆነው ተቆጣጣሪው ፊት ለፊት ቆሞ፣ መንገደኛ እያየ ስለሚያናግር ይመስለናል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ዕፍረቱ ግን አለ።

መሬቱ ራሱ ይናገራል

«ጠራጊ ተቀጥሮለት የለም እንዴ?»፣ «እኔ ባልጥል ምን ይለወጣል?»፣ «የሙዝ ልጣጭ ይበሰብሳል» የሚሉት ምክንያቶች በየትኛውም አገር ይሰማሉ። ከዚህ የሚያሳፍር መልክ ያለውም መጣል አለ፦ የቡና ብርጭቆውን አጥር ላይ በጥንቃቄ ማስቀመጥ፣ ጠርሙሱን ቁጥቋጦ ውስጥ መሰግሰግ፣ የሞላ ቅርጫት ሥር ፌስታሉን ቋጥሮ ማቆም። እንዲህ የሚያደርገው ሰው ራሱን ቆሻሻ ጣይ አድርጎ አይቆጥርም። ማስታወቂያዎች የማይደርሱትም ለዚህ ነው።

ሰውን ከምክንያቱ በላይ የሚመራው ግን ዓይኑ ነው። በ1990 በታተመ ጥናት ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በየመኪናው መስታወት ላይ በራሪ ወረቀት አስቀምጠው ባለ መኪናው ምን እንደሚያደርግ ተመለከቱ። ወለሉ በወረቀት በተዝረከረከበት ጊዜ 32 ከመቶው ጣሉት፤ አንድ ሰው ፊታቸው ሲጥል ሲያዩ ደግሞ 54 ከመቶ ደረሰ። ወለሉ ንጹሕ በሆነበት ጊዜ 14 ከመቶው ብቻ ጣሉ። የሚገርመው የመጨረሻው ነው፦ ንጹሕ ወለል ላይ አንድ ሰው ሲጥል ያዩት የጣሉት 6 ከመቶ ብቻ ናቸው። በጸዳ ቦታ ላይ የወደቀች አንዲት ወረቀት ሰውን ስለ ንጽሕናው ታስታውሰዋለች፤ በቆሸሸ ቦታ ላይ ግን «እዚህ ሁሉም ይጥላል» ትለዋለች። በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ከተማ በ2008 በታተመ ሙከራ ደግሞ ብስክሌት ላይ የታሰረውን በራሪ ወረቀት፣ ግድግዳው ንጹሕ በሆነበት 33 ከመቶው ሲጥሉ ግድግዳው በተሞነጫጨረበት 69 ከመቶው ጥለዋል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር የጽዳት ሰዓት ነው። ብዙ ከተሞች የሚጠርጉት ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ብቻ ነው፤ የምሳ ሰዓት ቆሻሻ እስከ ማታ ተኝቶ የቀኑን ሌላ ቆሻሻ ይጠራል። ያንኑ የሰው ኃይል ከፍሎ ከምሳ በኋላ አንድ ፈጣን ዙር ማድረግ ከሌሊቱ ጥልቅ ጽዳት የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። «ከተማችን በቆሻሻ ተጥለቀለቀች» የሚሉ ፖስተሮችም ይጎዳሉ። አሪዞና ውስጥ ባለ ብሔራዊ ፓርክ በተደረገ ሙከራ ብዙ ጎብኚዎች ቅሪተ ዛፍ (ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት) እየሰረቁ እንደሆነ የሚናገር ምልክት በተተከለበት ቦታ የሰረቁት 8 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ «እባክዎ አይውሰዱ» ብቻ በሚልበት 2 ከመቶ እንኳ አልሞሉም።

ቴክሳስ በ1986 የጀመረችው የመንገድ ዳር ዘመቻ የተሳካለት መጀመሪያ ማን እንደሚጥል ስላጠና ነው። በብዛት የሚጥለው ወጣት ወንድ አሽከርካሪ እንደሆነ ታወቀ፤ ስለ ተፈጥሮ ውበት የሚነገር ልመና እሱን አይነካውም። መልእክቱ ቴክሳሳዊ ኩራቱን እንዲነካ ተደርጎ ተዘጋጀ፣ ተናጋሪዎቹም የሚወዳቸው ሙዚቀኞችና ስፖርተኞች ሆኑ። እስከ 1990 በአውራ ጎዳናዎች ላይ ያለው ቆሻሻ በ72 ከመቶ እንደቀነሰ ይጠቀሳል።

ሩዋንዳ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከ18 እስከ 65 ዓመት ያሉ ዜጎቿን ኡሙጋንዳ ለተባለው የጋራ የማኅበረሰብ ሥራ ታወጣለች። ሥራው ጽዳት ብቻ ባይሆንም የጠረገው ሰው ራሱ ያው መንገድ ላይ መጣል ይከብደዋል። ግን ኪጋሊም ብትሆን በወር አንድ ጠዋት ብቻ አትጠረግም፤ ከንጋት ጀምሮ መጥረጊያ የያዙ ሴቶች በየአስፋልቱ አሉ።

ቅርጫት ማብዛት ሁልጊዜ መልስ አይደለም

ለንደን ውስጥ በፌብሩዋሪ 1991 በቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ ቅርጫት ውስጥ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ፣ ቶኪዮም ከማርች 1995ቱ የሳሪን ጋዝ ጥቃት በኋላ ብዙ ቅርጫቶች ተነሱ። ቶኪዮ አልቆሸሸችም፤ ሰው ቆሻሻውን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ልማዱ ሆኗል፣ ልማዱንም ክፍላቸውን ራሳቸው የሚያጸዱ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ይዘውት ይወጣሉ።

ታይፔ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቆሻሻ መሬት እንዳይነካ ወሰነች። የቆሻሻ መኪናው ዜማ እያሰማ በተወሰነ ሰዓት ይመጣል፣ ነዋሪው ከረጢቱን በእጁ ይጥላል። ከጁላይ 2000 ጀምሮ የሚፈቀደው ከተማው የሚሸጠው ሰማያዊ ከረጢት ብቻ ነው፤ የአሰባሰቡ ክፍያ በከረጢቱ ዋጋ ውስጥ ስላለ ብዙ የጣለ ብዙ ይከፍላል። የተበላሸውም እዚያው ታየ፦ አንዳንዱ ከረጢት ላለመግዛት የቤቱን ቆሻሻ በመንገድ ቅርጫት ውስጥ መጠቅጠቅ ጀመረ። ከተማው ለዚህ ከ1,200 እስከ 6,000 የታይዋን ዶላር ቅጣት አስቀምጦ ብዙ ቅርጫቶችን አነሳ። የሕንዷ ኢንዶርም በ2017 የአገሪቱ ንጹሕ ከተማ ተብላ ከመመረጧ በፊት የሰፈር ገንዳዎቿን አንስታ ከቤት ወደ ቤት ሰብሳቢ መኪና አሰማርታ ነበር። የሞላ ገንዳ ዙሪያው ሁሉ መጣያ ይሆናልና።

ቅርጫት የሚያስፈልገው ምግብ በሚገዛበት ሳይሆን በልቶ በሚጨርስበት ቦታ ነው፤ አንድ ሰው ሳንድዊች ገዝቶ ስንት ደቂቃ እየተራመደ እንደሚበላው መቁጠር ይበቃል። አፉ ጠባብ ከሆነ የምግብ ሳጥን አያስገባም። በእጅ የሚገፋ ክዳን ካለው ሰው መንካት ይጸየፋል። ማጥፊያ ሳህን ከሌለው አጫሹ እሳት እንዳያስነሳ ይፈራና ቁራጩን መሬት ላይ ይረግጠዋል።

የሲጋራ ቁራጭ ራሱን የቻለ ችግር ነው። በአሜሪካ 130 ቦታዎች 9,757 ሰዎችን የተከታተለ በ2013 የታተመ ጥናት ከማንኛውም ዓይነት የመጣል ድርጊት 17 ከመቶው መሬት ላይ እንደሆነ ሲያገኝ፣ ለሲጋራ ቁራጭ ግን 65 ከመቶ ሆኗል። ማጣሪያው ጥጥ ቢመስልም ሴሉሎስ አሲቴት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ቶሎ አይበሰብስም።

ዋጋ ያለው ነገር አይጣልም

የአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት በ1953 ተመላሽ ባልሆነ ጠርሙስ ቢራ መሸጥን ከለከለች። በዚያው ዓመት የማሸጊያና የመጠጥ ኩባንያዎች ኪፕ አሜሪካ ቢዩቲፉል የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ መልእክቱም ጥፋቱ የጣዩ ግለሰብ እንደሆነ ነበር። የቨርሞንት ሕግ በ1957 ጊዜው አልፎ ቀረ። ጣዩ ኃላፊነት አለበት፤ ነገር ግን ክርክሩ በእሱ ላይ ብቻ ሲያተኩር አምራቹ ከጥያቄው ይወጣል።

ጀርመን ከጃንዋሪ 2003 ጀምሮ በአንድ ጊዜ መገልገያ የመጠጥ ማሸጊያ ላይ 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ ታስከፍላለች። ገዢው ባዶውን ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ሲከት ደረሰኝ ይወጣለታል፣ በደረሰኙም ገንዘቡን ይወስዳል። ቸኩሎ የሚሄድ ሰው እንኳ ጠርሙሱን ቅርጫት ውስጥ አይከትም፤ የሚለቅሙ ሰዎች እጃቸውን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከቱ ከቅርጫቱ ጎን ያቆምላቸዋል። ሊቱዌኒያ በ2016 በ10 ሳንቲም ስትጀምር ከዚያ በፊት የሚመለሰው 34 ከመቶ ገደማ ነበር፤ በ2017 መጨረሻ 92 ከመቶ ደረሰ። አየርላንድ በማርች 2002 ፌስታል ላይ 15 ሳንቲም ስትጥል የአንድ ሰው ዓመታዊ ፍጆታ ከ328 ወደ 21 ወርዷል። እዚህ ላይ አስከባሪ መንገድ ለመንገድ አይሮጥም፤ ቁጥጥሩ የሚያበቃው ገንዘብ መክፈያው ጋ ነው። መያዣ ማስቲካንና ሲጋራን አይነካም፣ ጠርሙስና ቆርቆሮን ግን ከመንገዱ ያነሳል፤ ያሉት ጥቂት አስከባሪዎችም ለቀሪው ይበቃሉ።

ለከተማ አስተዳደሮች የሚቸግረው የጻፉትን የቅጣት ወረቀት ብዛት እንደ ውጤት ማቅረባቸው ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሚሻል መለኪያ አለ፦ 50 ሜትር የእግረኛ መንገድ ተመርጦ ይታያል፣ ከኤ እስከ ዲ ባለው ደረጃም ይመዘናል፤ ኤ ምንም ቆሻሻ የሌለበት ነው፣ ዲ በጣም የተዝረከረከ። ግዴታውም ምክር ቤቱ ላይ ነው። ሰው የሚበዛበት መንገድ ከቆሸሸ በግማሽ ቀን፣ መካከለኛው በአንድ ቀን፣ ብዙም ሰው የማይሄድበት በ14 ቀን ውስጥ ወደ ደረጃው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ የትኛውም ነዋሪ በዚያው በ1990ው ሕግ አንቀጽ 91 መሠረት የ5 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ምክር ቤቱን ራሱን ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል፤ ዳኛውም ቆሻሻው እንዲነሳ ያዛል።